ቲቪ የሚገዛው ለመሃል ወንበር ብቻ አይደለም

ሰሞኑን ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች ተብሎ የተጻፈ የትልቅ ቲቪ ምክር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከዘመድም ከጓደኛም ደርሶኛል። ያላነበባችሁት ካላችሁ ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቤታችሁን ሲኒማ ቤት ማድረግ ከፈለጋችሁ 85 ኢንች ግዙ። ከተቻለ 8ኬ የሚባለው፣ ምስሉ በጣም ብዙ ነጥብ ያለው ይሁን። ሱቅ ውስጥ ከተደረደሩት መካከል ደምቆ የሚታየውን ምረጡ። ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። 1000 ዋት የተጻፈበት ሆም ቴአትር ጨምሩበት። ደሴ ከፍታ ላይ ስላለች ኦሌድ የሚባለውን የቲቪ ዓይነት አትንኩ። ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ስታቢላይዘርና መሰል ነገር ላይ ገንዘብ አታባክኑ።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ትልቅ ቲቪ ለሀብታም ብቻ የተፈቀደ ቅንጦት ነው የሚለውን አመለካከት መቃወማቸውንም እደግፋለሁ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ጥሩ ፊልም ወይም ጥሩ ኳስ በጥሩ ምስል ቢያይ ምን ነውር አለው? ግን ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ንብረታቸውን አጥተው ቤታቸውን እንደ አዲስ ያደራጁ ብዙ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። እነሱ አንዴ ከገዙ በኋላ ቶሎ የሚለውጡት ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ምክሩ የሳተበትን ቦታ በዝምታ ማለፍ አልፈለግሁም።

ዋናው ቅሬታዬ አንድ ነው። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች የተጻፈው ከቲቪው ፊት ለፊት፣ ልክ መሃል ላይ፣ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ነው። የእኛ ሳሎን እንደዚያ አይደለም። ሶፋው ወይም መጅሊሱ ግድግዳውን ተከትሎ በሦስት በኩል ይዞራል። አባት መሃል ይቀመጡ ይሆናል። እናት ግን ቡናው ጋ ናቸው። ልጆች ምንጣፍ ላይ ናቸው። እንግዳ በሩ አጠገብ ጥግ ይዟል። በዒድም በፋሲካም ቤቱ ሲሞላ ከመሃል የሚያየው ሁለት ወይ ሦስት ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከጎን ነው። ስለዚህ ቲቪ መመረጥ ያለበት ከመጥፎው መቀመጫ ተነስቶ ነው። ከጽሑፉ ጋር የምንለያይባቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

መጠኑን እንይ። ጸሐፊው 85 ኢንች ለማንኛውም ሳሎን ይሆናል ይላሉ። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስለሆነ ግድግዳችን ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አይነግረንም። ወደ ጎን ሲለካ 55 ኢንች 122 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 65 ኢንች 144፣ 75 ኢንች 166፣ 85 ኢንች ደግሞ 188 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለርቀቱም የታወቀ ስሌት አለ። ምስሉ ከእይታችን 30 ዲግሪ ያህል እንዲይዝ፣ የሰያፉን ርዝመት በ1.6 ማባዛት ነው። በዚህ ስሌት ለ55 ኢንች 2.2 ሜትር፣ ለ65 ኢንች 2.6፣ ለ75 ኢንች 3 ሜትር፣ ለ85 ኢንች 3.5 ሜትር ገደማ ይመጣል።

አሁን አራት በአራት የሆነ ሳሎን ውሰዱ። ከቲቪው ትይዩ ያለው ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከቲቪው 3.3 ሜትር ያህል ይርቃል። ለእሱ 75 ኢንች ይመጥነዋል፤ 85ም ቢሆን ብዙ አይበዛበትም። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ከጎን ነው። የግራውና የቀኙ ሶፋ እያንዳንዳቸው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛሉ። ቲቪው ለሚሰቀልበት ግድግዳ የሚተርፈው 2.2 ሜትር ነው። እዚያ ላይ 188 ሴንቲ ሜትር ስትሰቅሉ በየጎኑ 16 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል። የጎኑ ሶፋ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ቲቪው ጉያ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የሚያየው አንገቱን ጠምዝዞ ነው፤ ያውም የሚያየው የምስሉን ግማሽ ነው።

ይህን ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። ልጇ ለፍቶ 85 ኢንች ገዝቶ አስገባላት። አክስቴ ቡና የምታፈላው ከቲቪው በስተግራ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ከዚያ ቦታ ሲታይ የሰው ፊት ሁሉ ነጣ፣ ጠበብ ብሎ ነው የሚታየው። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ከታች የሚጻፈውን ትርጉም ማንበብ አይቻልም። ድራማው ሲሞቅ ረከቦቱን ትታ ትነሳና መሃል ላይ ትቆማለች። ጀበናው ሊገነፍል ሲል ተመልሳ ትቀመጣለች። እዚያ ቤት ከማንም በላይ ቲቪ የምታየው እሷ ናት። ሲገዛ ግን የእሷን መቀመጫ ያሰበው አልነበረም።

ስለዚህ አራት በአራት ለሆነና ዙሪያውን ለሚቀመጡበት ሳሎን የእኔ ምርጫ 65 ኢንች ነው። ሳሎኑ ወደ አምስት ሜትር ከሄደ 75 ይሁን። ሦስት ሜትር ገደማ ለሆነ የኪራይ ክፍል 55 በቂ ነው። ደግሞም እኔንም ጸሐፊውንም ከማመን ራሳችሁ ሞክሩት። ስኮች ግዙና ግድግዳው ላይ የቲቪውን ልክ አራት ማዕዘን ለጥፉ። ለ65 ኢንች 144 በ81 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ እያንዳንዱ መቀመጫ ላይ፣ ቡና የሚፈላበትም ቦታ ጭምር ተቀምጣችሁ እዩት። በሩ ሲከፈት ይነካው እንደሆነም ያኔ ይታወቃል።

ከጎን የማየት ጉዳይ በመጠን ብቻ አያበቃም። የቲቪው መስታወት ዓይነት ከመጠኑ እኩል ይወስናል፤ ጽሑፉ ግን ይህን ጨርሶ አላነሳውም። በሱቆቻችን ካሉት ቲቪዎች አብዛኞቹ ኤልሲዲ ናቸው። ኤልኢዲ የሚባለውም፣ ኪውሌድ የሚባለውም በመሠረቱ ኤልሲዲ ነው፤ ከኋላ መብራት፣ ከፊት ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋ መስታወት አለው። ይህ መስታወት በአመዛኙ ሁለት ዓይነት ነው። ቪኤ የሚባለው ከፊት ሲያዩት ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ደስ ይላል። ከጎን ሲያዩት ግን ቀለሙ ይነጣል። አይፒኤስ የሚባለው ጥቁሩ ትንሽ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ከጎን ሲያዩት ግን ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። ለአንድ ሰው ክፍል ቪኤ ይሻላል። ሦስት በኩል ለሚቀመጥ ቤተሰብ አይፒኤስ ወይም ከጎን ማሳያ የተሻሻለለት ቪኤ ይሻላል። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ማወቂያው ቀላል ነው። የሰው ፊት ጎልቶ የሚታይበት ምስል አስከፍቱና ከመሃል ተነስታችሁ ወደ ጎን እየተራመዳችሁ እዩ። ፊቱ እየገረጣ ከሄደ ለእናታችሁ መቀመጫ የሚሆን አይደለም።

ወደ ድምቀቱ ልምጣ። ፒያሳ አንዱ ሱቅ ገብታችሁ አሥራ ምናምን ቲቪ በአንድ ግድግዳ ሲበራ ስታዩ ዓይን አዋጅ ይሆንባችኋል። ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ደምቆ የሚታየውን ያዙ ይላሉ። ሱቅ ውስጥ ግን ቲቪው የሚበራው የሱቅ ሞድ በሚባለው ነው። ብርሃኑ እስከ ጥግ ተለቋል። ሰማዩ ከሰማይ በላይ ሰማያዊ፣ ሣሩ ከሣር በላይ አረንጓዴ ሆኗል። በዚህ ሁኔታ የምታወዳድሩት የማስተካከያ ቁልፎችን እንጂ ቲቪዎችን አይደለም። ሪሞቱን ተቀበሉና ሁሉንም ሲኒማ ወይም ፊልም ወደሚለው ሞድ መልሷቸው። መጀመሪያ ቢጫ ይመስላችኋል፤ ዓይን ከለመደው በኋላ የሰው ቆዳ የሰው ቆዳ ሆኖ ይታያል። ማወዳደር ያለባችሁ ያኔ ነው።

ብርሃን ጨርሶ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ፊት ለፊት ለምታርፍበት ቤት ደመቅ የሚል ቲቪ ያስፈልጋል። ደሴ ጉም በሚውልበት ሰፈር ያለ ቤት ያን ያህል አይፈልግም። የአንዱን ከተማ ምክር ለሌላው መስጠት እንኳ ያስቸግራል። ለማንኛውም ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ መጋረጃ ከውድ ቲቪ የበለጠ ይረዳል።

በደሴ ከፍታ ምክንያት ኦሌድን አትንኩ የሚለው ነገር እንዴት እንደመጣ ይገባኛል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ድሮ ፕላዝማ የሚባሉ ቲቪዎች ነበሩ፤ በመስታወት መካከል ጋዝ የታሸገባቸው ጥቃቅን ክፍሎች ነበሯቸው። ከፍታ ቦታ ላይ የውጭው አየር ግፊት ሲቀንስ ጥዝ የሚል ድምፅ ያሰሙ ነበር። ወሬው እውነት ነው፤ ግን የፕላዝማ ወሬ ነው። ትልልቆቹ አምራቾች ፕላዝማ መሥራት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ነው። ኦሌድ ጋዝ የለውም። እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚያበራ ነው። ስለዚህም ጥቁሩ የምር ጥቁር ነው፤ ከጎንም ሲታይ ከማንኛውም ኤልሲዲ ይበልጣል። ከፍታ የሚያመጣው ነገር ቢኖር ሳሳ ያለ አየር ሙቀትን በደንብ አለመውሰዱ ነው። ለዚያ ደግሞ ከቲቪው ጀርባ ክፍተት መተው ይበቃል፤ ቡፌ ውስጥ አትወትፉት።

ኦሌድን የማልመክርላቸው ቤቶች አሉ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ተከፍቶ እስከ ማታ አንድ ጣቢያ ላይ የሚውል ቲቪ አለ። የጣቢያው ዓርማ ጥግ ላይ፣ የዜና ጽሑፉ ከታች፣ በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ኦሌድ ላይ ይህ ከጊዜ በኋላ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ቤታችሁ እንዲህ ከሆነ ኤልሲዲ ግዙ። ቲቪው ማታ ማታ ብቻ፣ ለፊልምና ለኳስ የሚከፈት ከሆነና አቅሙ ካለ ግን ከፍታን ፈርታችሁ ኦሌድን አትሽሹ።

8ኬን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 8ኬ ቲቪ ምስሉን የሚሠራበት 33 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ 4ኬ 8.3 ሚሊዮን። ጤነኛ ዓይን በ85 ኢንች ቲቪ ላይ የ4ኬን ነጥብ ለይቶ ማየት የሚችለው ከ1.7 ሜትር ገደማ ሲቀርብ ነው። ሦስት ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው ትርፉ ነጥቦች ምንም አይጨምሩለትም። በዲሽ የምናያቸው የአገር ቤት ጣቢያዎች ደግሞ የሚመጡት በኤችዲ ወይም ከዚያ በታች ነው። ዝቅተኛው ስርጭት 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 415 ሺህ ገደማ። ያ ምስል 4ኬ ቲቪ ላይ ሲወጣ ከየሃያው ነጥቦች አሥራ ዘጠኙን የሚሞላው ቲቪው በራሱ ግምት ነው። ስለዚህ ለ8ኬ የሚወጣውን ገንዘብ ይህን ግምት በደንብ ለሚሠራ 4ኬ ቲቪ አውሉት። ሱቅ ስትሄዱም የሚያብረቀርቀውን የማሳያ ቪዲዮ ትታችሁ ቤት የምታዩትን ጣቢያ በዲሽ አስከፍቱ። እዚያ ላይ ነው ልዩነቱ የሚወጣው። በኢንተርኔት 4ኬ ለማየት ያሰበም 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ ገደማ የማያቋርጥ መስመር ያስፈልገዋል።

ካርቶን ላይ ግን ተጠንቀቁ። 4ኬ ይደግፋል ማለት መስታወቱ 4ኬ ነው ማለት አይደለም። የ4ኬ ፋይል ተቀብሎ በ1366 በ768 ነጥብ የሚያሳይ ቲቪ አለ። መግለጫው ላይ 3840 በ2160 የሚል መኖሩን አረጋግጡ። ከኋላው የተለጠፈው የሞዴል ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ ያለውና ሴቲንግ ውስጥ የሚወጣው ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው።

ከፍ አድርጎ መስቀል የተለመደ ነው። ልጆች እንዳይነኩት ተብሎ ወደ ጣሪያ የተጠጋ ቲቪ ያላየ የለም። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ቲቪ በልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ግን በደንብ ማሰር እንጂ ወደ ላይ መስቀል አይደለም። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለሉ 1.10 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መጅሊስ ላይ ሲሆን ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የቲቪው መሃል ከዚያ ብዙ መራቅ የለበትም። ለ65 ኢንች ከሆነ የታችኛው ጠርዝ በሶፋ ቤት ከወለሉ 65 እና 70 ሴንቲ ሜትር መካከል፣ በመጅሊስ ቤት 45 ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም ቀና ብሎ ማየት አንገት ያሳምማል። ከታች ወደ ላይ ሲታይ ደግሞ ያው ያልነው የቀለም መንጣት ይመጣል።

ግድግዳውንም ሳታውቁ አትብሱ። 85 ኢንች ቲቪ 40 ኪሎ ይደርሳል፣ አንዳንዱም ያልፋል። 65 ኢንች ከ20 እስከ 25 ኪሎ ነው። ደሴ ውስጥ ብዙ ቤት ጭቃ ነው። ጭቃ ግድግዳ ላይ ተራ ፊሸር አይይዝም፤ ብሎኑ ከውስጥ ያለውን ማገር ወይም ቋሚ እንጨት ማግኘት አለበት። ብሎኬትም ቢሆን ውስጡ ክፍት ስለሆነ አጭር ፊሸር ይወልቃል። ጥርጣሬ ካለ ዝቅ ያለ ጠንካራ የቲቪ ስታንድ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ ወደ ግድግዳው በቀበቶ እሰሩት። ለልጆችም የሚሻለው እሱ ነው።

ድምፅ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ሄደዋል። ቀጭን ቲቪ ስፒከሩ ትንሽ ነው፤ የሚጮኸውም ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው። ተጨማሪ ድምፅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ካርቶን ላይ የተጻፈው 1000 ዋት ብዙ ጊዜ ለአንድ አፍታ ብቻ የሚወጣ ኃይል ነው፤ ጥራቱን አይነግራችሁም። ዙሪያውን በምንቀመጥበት ሳሎን የኋላ ስፒከሮች አንዱ ሰው ጆሮ ሥር ይገባሉ፤ እሱ ከፊልሙ የሚሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው። አብዛኛው ንግግር የሚወጣው ከመሃለኛው ስፒከር ነው። ጆሯቸው የደከመ አባትና እናት የሚፈልጉት ደግሞ ንግግሩን ነው። መሃለኛ ስፒከር ያለው ደህና ሳውንድ ባር (ከቲቪው ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር)፣ ድምፅን ከቲቪው በሚያወጣው ኤአርሲ በሚባል የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ በአንድ ገመድ ተሰክቶ፣ ለብዙዎቻችን ቤት ከአምስት ስፒከር ይሻላል። ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፉ፤ ማስተጋባቱ ይቀንሳል። የመጅሊስ ቤት በዚህ ረገድ ታድሏል። ግቢ የምትጋሩ ከሆነ ደግሞ ማታ ቤዙን ቀንሱት፤ ጎረቤት የሚሰማው እሱን ነው።

ጽሑፉ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ያዋጣል ይላል። ሊያዋጣ ይችላል። 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ግን ቀልድ አይደለም። ቲቪ የሚጫነው ቆሞ ነው፤ አስተኝቶ ላዩ ላይ ዕቃ መጫን መስታወቱን ይሰብረዋል። ስብራቱ ደግሞ ከውጭ ላይታይ ይችላል፤ የሚታወቀው ሲበራ ነው። እዚሁ የሚገዛ ሰው ከፍሎ ከመውጣቱ በፊት አብርቶ ያያል፣ ችግር ሲመጣም ተመልሶ የሚሄድበት ሰው አለው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እኔ እዚሁ እገዛለሁ።

የቀረው መብራት ነው፤ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝም ይህ አንቀጽ ነው። ጸሐፊው ዘመናዊ ቲቪ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል መከላከያ አያስፈልገውም ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ቮልቴጅ ዝቅ ማለቱ አብዛኛውን ዘመናዊ ቲቪ አይጎዳውም። ቲቪ የሚያቃጥለው ከፍ ሲል ነው። ወደ ሰፈር የሚመጣው መስመር ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሦስት ገመዶች ነው። እያንዳንዱ ቤት አንዱን ፌዝና ኒውትራል የሚባለውን የጋራ መመለሻ ገመድ ይወስዳል። ኒውትራሉ ምሰሶ ላይ ከላላ ወይም ከተበጠሰ አንዱ ቤት 100 ቮልት ሲያገኝ ሌላው ከ300 በላይ ሊደርሰው ይችላል። 240ን የሚችል ቲቪ 300ን አይችልም። መብራት ሄዶ ሲመለስም የሚመጣው ምት አለ። የአምፖል ከልክ በላይ መድመቅና መደብዘዝ ካያችሁ ወዲያውኑ ብሬከሩን አውርዱ።

ተራ ዲቫይደር ይህን አይከላከልም። የሚያስፈልገው ቮልቴጁ ከገደብ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ፣ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያስገባ መከላከያ ነው። ስታቢላይዘር የምትገዙም ከሆነ ይህ መቁረጫ ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ የሌላቸው አሉ። ከቲቪው ዋጋ አንጻር ወጪው ኢምንት ነው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ከሶኬት መንቀል ብቻውን አይበቃም። የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ፣ ኤችዲኤምአዩንም ከቲቪው ንቀሉ። ዲሹ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነው የተተከለው፤ መብረቅ በእሱ ገመድ ገብቶ በኤችዲኤምአይ በኩል ቲቪው ጋ ይደርሳል። ከሶኬት ተነቅሎ የተቃጠለ ቲቪ ሰዎች ሲያወሩ ብትሰሙ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

በመጠኑም፣ በኦሌዱም፣ በድምፁም ከጸሐፊው ጋር ብንለያይ ጉዳቱ ከምቾት አያልፍም። የመብራቱን አንቀጽ ግን አንብቦ የሚተገብር ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ቲቪውን ሊያጣ ይችላል። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ቢተዉትም ያቺን አንቀጽ ከጽሑፋቸው ላይ እንዲያነሱልን በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ።